ሠላሳ መጠይቅ በአንድ ሌሊት

ባለፈው እትማችን አንድ ወንድማችን ስለ እኛ ስለ ሂዩማኒቲስ ተማሪዎች የጻፈውን ሁላችሁም አንብባችኋል። አንብበን ሥቀናል፤ ከሣቅን በኋላ ደግሞ ዝም ብለናል። ዝም ያልነው እውነት ስላለበት ነው። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ የቋንቋ፣ የታሪክ፣ የፍልስፍና ተማሪ ተመርቆ ሥራ አያገኝም፤ ቢያገኝም እርከኑ ከፍ አይልም፤ ስለዚህ ልብ ያለው ሰው ከዚህ እንደወጣ በቀጥታ ለድርጅት አመራር ማስተርስ ይመዝገብ። መሥሪያ ቤት ሁሉ መሪ ይፈልጋል፤ የመሪነት ዲግሪ የያዘ ሰው ደግሞ አይራብም። መደምደሚያው ላይ ሲደርስም፣ አገራችን የጎደላት መሪ ነው፤ መሪ ደግሞ በትምህርት ይሠራል፤ ብሎ ቋጭቷል።

ስለ እንጀራው አልከራከረውም። እኔም ሆድ አለኝ። የምከራከረው ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ጋር ነው። መሪ በትምህርት ይሠራል ወይስ አይሠራም? የሚሠራስ ከሆነ በየትኛው ትምህርት? አሁን በከተሞቻችን በደሴና በኮምቦልቻ ቅዳሜና እሑድ በሚሸጠው ነውን?

ከመከራከሬ በፊት ግን አንድ ኑዛዜ አለብኝ። ሳይናዘዝ የሚሰብክ ሰው አልወድም።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ደሴ በጉም ተሸፍና ጦሳ በማይታይበት ሰሞን፣ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ በጓደኛዬ በኩል ፈልጎ አገኘኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የአራት ልጆች አባት ነው፤ በዕረፍት ቀኑ የድርጅት አመራር ማስተርስ ይማራል። መሥሪያ ቤቱንም ኮሌጁንም አልጠራም፤ ነገሬ ከአንድ ቤት ጋር አይደለምና። ፒያሳ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀመጥንና ከፌስታል ውስጥ አንድ እሽግ ወረቀት አወጣ። «ወንድሜ፣ የቋንቋ ተማሪ ነህ አሉኝ። ይኸን መጠይቅ ወደ አማርኛ መልስልኝ፤ ከዚያ ደግሞ…» ብሎ ትንሽ አፈረ። «ሠላሳው ሳይመለስልኝ ቀረ። ቀኑ ደርሶብኛል። አንተው ሙላልኝ።»

«ጋሼ፣ ሠላሳውን ሁሉ?» አልሁት።

«ሠላሳውን ሁሉ። በአንዱ ሃያ ሃያ ብር።»

ስድስት መቶ ብር ማለት ነው። ሞላሁት። ሰማያዊና ጥቁር እስክሪፕቶ እያፈራረቅሁ፣ አንዳንዱን በግራ እጄ እየሞከርሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሠላሳ ሰው ሆኜ አደርሁ። ጥበቃ ሆንሁ፤ ፀሐፊ ሆንሁ፤ ሒሳብ ሹም ሆንሁ፤ ሾፌር ሆንሁ። «አለቃዬ ለወደፊቱ ግልጽ ራእይ አለው»፤ በጣም እስማማለሁ። «አለቃዬ የሠራተኛውን ሐሳብ ያዳምጣል»፤ እስማማለሁ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪን ሠላሳ ሰው ሁን ካሉት ይሆናል። ሃያ ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ የጽዳት ሠራተኛ ሆንሁ። ሌሊቱ ተጋምሷል፤ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ይቺ ሴት በስንት ሰዓት ተነስታ ይሆን እያልሁ ማሰብ ጀመርሁ። ደመወዟ ዘግይቶባታል አልሁ። አለቃዋ ስሟን አያውቅም አልሁ። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች «በጣም አልስማማም» እያለች ሞላች።

ጠዋት ሰውዬው መጥቶ አንድ በአንድ አገላበጠና እሷ ላይ ቆመ። «ይቺ ሴትዮ ውጤቱን ታበላሽብኛለች» አለኝ። የሌለችን ሴትዮ ማለቱ ነው! አዲስ ወረቀት ሰጠኝ። እኔም እንደገና ሞላሁና አስማማኋት። ጥናቱ በመልካም ውጤት እንዳለፈ ኋላ ሰማሁ። ስድስት መቶ ብሩንም አልመለስሁም፤ በልቼዋለሁ።

ወገኖቼ፣ ይህን የነገርኋችሁ ሰውዬውን ለመክሰስ አይደለም። ለአንድ ክፍት ቦታ ሁለተኛ ዲግሪ የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው ወረቀት ስላነሰው ብቻ ከኋላው የመጣ ሲቀድመው፣ ምን ያድርግ? ወረቀቱን ይገዛል። የከሰስሁት ወረቀቱን ነው፤ ከወረቀቱ ጋርም ራሴን። በዚያ መሥሪያ ቤት በእውነት የምትሠራ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አለች። ስለ አለቃዋ ምን እንደምታስብ የጠየቃት የለም። እኔ ስለ እሷ ተናገርሁ፤ ቀጥሎም አፏን ዘጋሁ። ይህ ሁሉ የሆነው «አመራር» በሚባል ትምህርት ስም ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ።

ያ መጠይቅ ከየት መጣ? መሪዎችን በሦስት ይከፍላል፦ አምባገነን፣ ዴሞክራሲያዊ፣ ሦስተኛው ደግሞ ፈረንጆቹ «ሌሴ ፌር» የሚሉት። እኔ «ልቀቀው ይሂድ» ብዬ ተርጉሜው ነበር፤ ሰውዬው «ልቅ» በልልኝ አለኝ። ይህን አከፋፈል ያስፋፋው ኩርት ሌዊን የሚባል ምሁር ነው። ሌዊን በጀርመን የሚኖር አይሁዳዊ ነበር፤ ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 እ.ኤ.አ. አገሩን ጥሎ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1930ዎቹ መጨረሻ አዮዋ በተባለው ክፍለ ግዛት ሊፒትና ኋይት ከሚባሉ ባልደረቦቹ ጋር ዐሥር ዓመት ገደማ የሆናቸውን ወንዶች ልጆች በትንንሽ ማኅበር አደራጅቶ፣ ጭምብል መሥራትን የመሰለ የእጅ ሥራ ሰጣቸው። አንዱን ቡድን የሚያዝ፣ አንዱን የሚያማክር፣ አንዱን ዝም ብሎ የሚያይ ትልቅ ሰው መደበላቸውና ልጆቹ ምን እንደሚሆኑ ተመለከተ።

እንግዲህ አስተውሉ። የሌዊን ጥያቄ የራሱ ቤት እሳት ነበር። የሠለጠነ የሚባል ሕዝብ እንዴት በአንድ ጮሌ አምባገነን ሥር ይወድቃል? ብሎ መጠየቁ ነው። ልጆቹና ጭምብሉ የጥያቄው መሣሪያ ነበሩ። እኛ ግን ምን አደረግን? ጥያቄውን እዚያው ትተን መሣሪያውን ብቻ አመጣን። ጭምብል ለሚሠሩ የአሜሪካ ልጆች የተቆረጠ ልብስ የደሴን የጥበቃ ሠራተኛ አልብሰን ልኩ ነው አልን። ኋላ የመጣውም እንዲሁ ነው። በርንስ የሚባለው አሜሪካዊ በ1978 እ.ኤ.አ. ስለ ለውጥ አምጪ መሪ ሲጽፍ የሚያየው የራሱን አገር ፕሬዚዳንቶችና የዓለምን ታላላቅ ፖለቲከኞች ነው። ባስ የተባለው በ1985 እ.ኤ.አ. ያንኑ ሐሳብ ወደ ድርጅት አዞረው፤ በቁጥር የሚለካ መጠይቅም ከዚያ ወጣ። ያ መጠይቅ ባሕር ተሻግሮ ፒያሳ ሻይ ቤት እኔ ፊት ተቀመጠ።

በመሥሪያ ቤቶቻችንም ግድግዳ ላይ ያየነው ይኸንኑ ነው። ቢፒአር መጣ፤ ጠረጴዛ ተዘዋወረ፤ ግድግዳ ፈረሰ። ቢኤስሲ መጣ፤ ሰንጠረዥ ተሞላ። የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ አምስቱ «ማዎች» ተለጠፉ። ካይዘን ክፉ ነገር አይደለም። የካይዘን ልቡ ግን ማሽኑ አጠገብ የቆመው ሠራተኛ «ይህ እንዲህ ቢሆን ይሻላል» ብሎ እንዲናገርና እንዲሰማ ነው። እኛ ዘንድ ሠራተኛው ተሰማ ወይስ ወረቀቱ ተለጠፈ? መልሱን ጉዳይ ለማስፈጸም የተንከራተተ ሁሉ ያውቀዋል።

ወንድማችን እዚህ ላይ ሳይነሳብኝ አይቀርም። «ታዲያ የእኛ ጥያቄ የትኛው ነው? ደሴና ኮምቦልቻ ምን የሚጠና የአመራር ጉዳይ አላቸው?» ይለኛል። ወንድሜ፣ ከየት ልጀምርልህ?

ከ1965 ዓ.ም. እንጀምር። ወሎ ሲራብ ወሬው ጠፍቶ ነበርን? አልጠፋም። ገበሬው ከነቤተሰቡ ወርዶ በደሴ አውራ ጎዳና ዳር ተኮልኩሎ አላፊ አግዳሚውን ሲለምን ታይቷል። ከአዲስ አበባ የዩኒቨርስቲ መምህራን መጥተው አይተው በፎቶግራፍ ለተማሪው አሳይተዋል። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ የዲምብልቢ ፊልም ለዓለም የታየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። በዚህ መሐል ያለው ጊዜ፣ ያ የሞት ጊዜ፣ የማን ነው? ከታች የታየው ነገር ወደ ላይ ሲወጣ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ ቆመ? ማን ፈራ? ማን «ጃንሆይን አታስቆጣ» ብሎ ፋይሉን ዘጋ? የድርጅት አመራር ጥያቄ ማለት ይህ ካልሆነ ምንድን ነው?

ደግሞ ስሙልኝ። ይህን ረኀብ ከመረመሩት አንዱ ሕንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የድህነትና የረኀብ መጽሐፉ የደሴን ገበያ የእህል ዋጋ አንሥቶ ዋጋው ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም እህል ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይሄድ እንደነበር ጻፈ። የወሎ ገበሬ ያለቀው በአገሪቱ እህል ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን የሚገዛበት አቅም ስለጠፋው ነው አለ። የእኛ ሰው መስፍን ወልደ ማርያም ደግሞ በ1984 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ለረኀብ መጋለጥ መጽሐፍ አወጡ። ከዚያም በፊት የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደራሲው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። እነዚህ ሁሉ የጠየቁት እፊታቸው የሚነደውን ነው። የቤንጋል ልጅ የደሴን የእህል ዋጋ ሲጠይቅ፣ የደሴ ልጅ ደሴ ተቀምጦ የአሜሪካ መጠይቅ ይሞላል። ይህ አያሳፍርም?

ሩቅ ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ የቅርቡን እናንሣ። የ2014 ዓ.ም.ን የማያስታውስ ከመካከላችን ማን አለ? እኔ ያን ጊዜ ኮምቦልቻ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ትምህርት ቤቱን ሞላው። ጥቅምት ሲጋመስ ጦርነቱ ወደ እኛ ደረሰ፤ ከወሩ ሦስተኛ ሳምንት ጀምሮ ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ፤ እስከ ኅዳር 27 ቀን ድረስ። ሆስፒታሉ ተዘረፈ፤ ዩኒቨርስቲው ተዘረፈ፤ ፋብሪካው ተዘረፈ። መሪ የሚባለው ብዙው ወጥቷል። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ሁሉም ነፍሱን ሊያድን ሮጧል። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፦ በዚያ ወቅት የቀረውን ሰው ማን መራው?

እኔ በዐይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሌላ አገር ልጅ ለሆናችሁ፣ ሌላው እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንላለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ ይጻፋል፤ የሞተውን በየሃይማኖቱ ይቀብራል። የእናቴ ቅሬ ዳኛ ማስተርስ ቀርቶ ስምንተኛ ክፍልን የጨረሱ አይመስለኝም። ተፈናቃዩ ትምህርት ቤት የገባ ለታ መዝገቡን ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። «ያንቺ ቤት ስንት እንጀራ? የዚህኛው ስንት ጣሳ ቆሎ?» እያሉ ይጽፋሉ። የሌለውን አላስጨነቁም፤ ውሃ ይቅዳ አሉት። ያለው ሲያጭበረብር ደግሞ በሰው ፊት ስሙን ጠሩት። በሳምንቱ የተሰበሰበውንና የወጣውን ጮክ ብለው አነበቡ፤ አንዲት ሴት «የእኔ ሦስት እንጀራ የት ገባ?» አለች፤ ተፈልጎ ተገኘ። እንግዲህ ፕላን ትሉታላችሁ፣ ቁጥጥር ትሉታላችሁ፣ ተጠያቂነት ትሉታላችሁ፤ ሁሉም በዚያች የተቀደደች ደብተር ላይ ነበር።

ቅሬን ላሞግስ አይደለም የተነሣሁት። ቅሬም ጉድ አለበት። እንጀራውን የጋገሩት ሴቶች ሆነው ዳኝነቱ የወንዶች የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። መዋጮ ያቃተው ድኻ አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። ይህም ቢሆን ጥያቄ ነው! እናቶቻችን ለምን ዳኛ አይሆኑም የሚለው አንድ ሙሉ የማስተርስ ጥናት አይወጣውም? አንድ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ ቅሬ መዝገብ ከፍቶ ቢያጠና፣ ስለ መሪና ተመሪ ሠላሳ የሐሰት መጠይቅ ከሚያስተምረው በላይ ይማር ነበር።

ሌላም ልጨምር። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ለመድረስ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አገራችን አጎአ ከሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያ ስትወጣ፣ የዚያ ዓይነት ፋብሪካ የመስመር አለቃ ለልብስ ሰፊዎቹ ልጆች ምን ብሎ ነገራቸው? የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰደው ተማሪ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ሲባል፣ የትምህርት አመራር ዲግሪ ያለው ርዕሰ መምህር ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆሞ ምን አለ? ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ እንኳ በስሙ ብቻ ጥያቄ ነው። ማንንም የማይጠየፍ አዳራሽ! ለመሆኑ የዛሬው የቢሮ በር ማንን ይጠየፋል?

ወንድማችን መቼም አንድ የቀረ ጥይት አለው። «ታዲያ ትምህርቱ ይዘጋ ነው የምትለው?» ይለኛል። አልልም። እንዲያውም ከአንተ የበለጠ የማምንበት እኔ ነኝ። አንተ ዲግሪው እንጀራ ያበላል ብለህ ታምናለህ፤ እኔ ግን መሪን ሊሠራ ይችላል ብዬ አምናለሁ። የምጠላው ትምህርቱን አይደለም፤ ጥያቄ የሌለው ትምህርትን ነው። ጥያቄ የሌለው የአመራር ትምህርት የደመወዝ ጭማሪ ማመልከቻ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ የተጻፈ።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። አንደኛ፣ በእነዚህ ሁለት ከተሞች ስለ አመራር የሚጠና ጥናት ርዕሱን ከእነዚህ ከተሞች ይውሰድ፤ ተማሪው «ይህን ለምን ጠየቅህ?» ሲባል «አማካሪዬ ስላሉኝ» ከማለት የተሻለ መልስ ይኑረው። ሁለተኛ፣ ጥናቱ በአማርኛም ይጻፍ። የተጠናው ሠራተኛ ሊያነበው የማይችል ጥናት ስለ እሱ የተወራ ሐሜት ነው። ሦስተኛ፣ ተማሪው ጥናቱን ሲከላከል ከፈታኞቹ ጋር ከተጠኑት መካከል ሁለት ሦስት ሰዎች ይቀመጡ። ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ከፊት ወንበር ተቀምጣ «እኔ እንዲህ አላልሁም» ለማለት ብትችል ኖሮ፣ እኔ ሌሊቱን ሙሉ የማንንም አፍ አልዘጋም ነበር።

እነዚህ ሦስቱ በእጃችን አይደሉም። በእጃችን ያለው አራተኛው ነው። መጠይቁን የምንሞላው፣ ትርጉሙን የምንሠራው፣ «ምዕራፍ ሁለትን» በገንዘብ የምንጽፈው እኛ ነን። የሐሰቱ ፋብሪካ ሠራተኞች እኛው የሂዩማኒቲስ ተማሪዎች ነን፤ ብዕራችን ስለሚቀና ነው የሚፈልጉን። ወንድማችን ሥነ ጽሑፍ እንጀራ አይሆንም አለ፤ ሆኗል እኮ! ሃያ ሃያ ብር ሆኗል። ስደተኛው ሌዊን ጭምብል ያሠራው የሰውን ፊት ለማየት ነበር፤ እኛ ጭምብሉን ለሚከፍለን እየሠራን ፊታችንን ሸጥን።

ትርጉም ለመሥራት እንቢ እንበል አላልሁም። የእውነት ሰው የእውነት መልስ የሰጠበት ወረቀት ይምጣ፤ በነፃም እተረጉማለሁ። ስማቸው የሌለ ሠላሳ ሰዎች ለመሆን ግን እኔ ከእንግዲህ የለሁበትም። ይህን የሚል አንድ ገጽ ጽፌ ይህ እትም በተባዛበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ አኑሬዋለሁ። ከታቹ አንድ ፊርማ አለ፤ የእኔ ነው። ቦታው ሰፊ ነው። ወንድማችንም ቢመጣ እስክሪፕቶ አለ፤ ሰማያዊም ጥቁርም።